መምህር ይርጋ ያልፈረሙበት ካርድ

መምህር ይርጋ መሞታቸውን የሰማሁት ለሌላ ጉዳይ በተላከልኝ የድምፅ መልእክት መካከል ነው። የላከችው ዘይነባ ነች፤ እዚህ ገዳሪፍ ሰሊጥ ገበያው ጥግ ሻይ ትሸጥ የነበረች፣ አሁን ከድንበሩ ማዶ መተማ ያለች ሴት። መጀመሪያ ጤናዬን ጠየቀች። ቀጥላ የዘይትን መወደድ አማረረች። ከዚያ ድምፅዋ ሳይለወጥ፣ «ኡስታዝ አረፉ እኮ፤ አልሰማሽም ኑሯል? ዐሥራ አምስት ቀናቸው። ወባ ነው አሉ» አለችና ወደ ጉዳይዋ ገባች። ልጇን ኢክራምን ሁለተኛ ክፍል ልታስመዘግብ ብትሄድ ያለ ካርድ አንቀበልም ብለዋታል። ካርድ ከሌላት አንደኛን ትድገም ይላሉ። «ዘጠኝ ዓመቷን ይዛለች፤ ከጥርስ ነቃዮች ጋር አላስቀምጣትም። እስከ ዓርብ ካልተመዘገበች ከእኔ ጋር ብርጭቆ ትጠብ። ካርዷን ላኪልኝ፣ አንች እጅ እንዳለ አውቃለሁ።»

አዎ፣ እኔ እጅ አለ። የኢክራም ስም ተጽፎበታል፤ የክፍል መምህር ፊርማ የሚለው ቦታ ግን ባዶ ነው። መምህር ይርጋ አልፈርምም ብለው የተዉት ነው። ለምን እንዳልፈረሙ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ጥፋቱ የእኔ ነውና።

ተቀምጬ አለቀስሁ። አልቅሼ ስጨርስ ደግሞ ተናደድሁባቸው። ሰው ሲሞት ደግ ደጉ ይወራለታል፤ እኔ ግን እሳቸውን በደግነት ብቻ ባነሳቸው ሐሜት ይሆንብኛል። ሲያናድዱኝ የኖሩ ሰው ናቸው። ሞተውም ይኸው አልተዉኝም።

ትምህርት ቤታችን ከወፍጮ ቤቶቹ ጀርባ ነበር፤ ሁለት የጭቃ ክፍልና አንድ በአገዳ የተከደነ ዳስ፣ በእኛ አገር አጠራር ራኩባ። የሚማሩት የእኛው ሰዎች ልጆች ናቸው፤ የሻይ ሻጮች፣ የቀን ሠራተኞች፣ ለሰሊጥ አጨዳ መጥተው በዚያው የቀሩ ሰዎች ልጆች። የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ልጅ ባንድ ምንጣፍ ይቀመጣል። መምህር ይርጋ አንደኛ ክፍልን ያስተምሩ ነበር። በጎረምሳነታቸው፣ በዚያ በረሃቡ ዘመን፣ ከአርማጭሆ ተሻግረው የመጡ ናቸው። ብዙ ዓመት ሰሊጥ አጭደዋል። በእርሻው ላይ ለሠራተኛው ደብዳቤ ሲያነቡና ሲጽፉ፣ ፊደል የሚሻውንም ሲያስቆጥሩ ቆይተው፣ ጉልበታቸው ሲደክም አስተማሪ ሆነው ቀሩ።

እኔን ረዳት ያደረጉኝ ሌላ ሰው ስለጠፋ ነው፤ የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ። እዚሁ ገዳሪፍ ተወልጄ ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጥሁ ነኝ። ሥራዬ እርሳስ መቅረጽ፣ አፍንጫ መጥረግ፣ የተጣላ ማስታረቅ ነበር። ልጆቹ እኔን እቴ ጥሩ፣ እሳቸውን ኡስታዝ ይሉናል።

በዚያ ሙቀት ጀለቢያ ላይ ኮት ይደርባሉ። የኮቱ ኪስ የምላጭ ስባሪ፣ የጠመኔ ቁራጭና የደረቀ ሙጫ ማኅደር ነው። ጠዋት ልጆቹን ሲቆጥሩ ስም አይጠሩም፤ በሰልፉ መሐል እያለፉ የእያንዳንዱን አናት በመዳፋቸው ይነካሉ። «ሠላሳ አራት» ይላሉ ሲጨርሱ፤ ማን እንደቀረም ሳይነገራቸው ያውቃሉ። እኔ ይኸን ፍቅር ነው እል ነበር። ፍቅርም ነበር፤ ፍቅር ብቻ ግን አልነበረም።

የሚጠሉት ነገር ቢኖር ዜማ ነው። ልጆች ሀ ሁ ሂ ሃ እያሉ በዜማ ሲወርዱት የሰማ እናት ሁሉ ልጄ ፊደል ለየ ብላ እልል ትላለች። እሳቸው ግን በአገዳ ዘንጋቸው ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ዳር እየዘለሉ ይጠይቃሉ፤ ያኔ ዜማኛው ሁሉ ዲዳ ይሆናል። «ጆሮ ሌባ ነው» ይሉ ነበር። «ሰርቆ ይበላል። ዓይን ግን ሠርቶ ነው የሚበላ።» ይኸንን በሳምንት አራቴ እሰማው ስለነበር ሊያንገሸግሸኝ ደርሶ ነበር። አንድ ጊዜ የፊደል ገበታውን ዝናብ እንዳይነካው ብዬ አንድ ክንድ ያህል ፈቀቅ ባደርገው የተቆጡኝን ቁጣ አልረሳውም። ለአንድ ክንድ እንዲህ የሚቆጣ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው ብዬ ሦስት ቀን አኩርፌያቸዋለሁ።

ሰኔ ሲገባ ግን ሌላ ሰው ይሆናሉ። የመጀመሪያው ዝናብ ያን ጥቁር አፈር ካራሰው በኋላ ቤተሰቡ ይበተናል፤ ግማሹ ለአረም ወደ ሀዋታ እርሻዎች ይወርዳል፣ ልጆቹንም ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ የዓመቱ መዝጊያ ሁልጊዜ ከዝናብ ጋር እሽቅድምድም ነው። ምንጣፉ ይታጠባል። በማሽላ አገዳ የተሠሩት መቁጠሪያዎች ዐሥር ዐሥር እየሆኑ ይታሰሩና እያንዳንዱ ልጅ የራሱን እስር ለመጪው ዓመት ገቢ ልጅ ያወርሳል። ራኩባው ምሰሶ ላይ በመስከረም የተጫረው የቁመት ምልክት አጠገብ አዲስ ምልክት ይጫራል። የተቀዳደዱ መጻሕፍት በሙጫ ይጠገናሉ። መጨረሻ ላይ፣ ወላጆች በተሰበሰቡበት፣ ጣሳው ይመጣል።

ጣሳው የዱቄት ወተት ጣሳ ነው። መምህር ይርጋ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ዓረፍተ ነገር ያስባሉ፤ በመጽሐፍ የሌለ፣ ልጁም በሕይወቱ አይቶት የማያውቀው። ቁራጭ ወረቀት ላይ ይጻፍና፣ ተጠቅልሎ፣ የልጁ ስም በላዩ ተደርጎ ጣሳ ውስጥ ይገባል። ልጁ የራሱን አውጥቶ በወላጆች ፊት ያነባል። ካነበበ ካርዱ ይፈረምለታል። ካላነበበ ክረምቱን ከእሳቸው ጋር ራኩባው ሥር ይከርማል። አባት ቢለምን፣ እናት ብታለቅስ ለውጥ የለም። አንድ የወፍጮ ቤት ባለቤት ለልጁ ብሎ አንድ ፍየል አምጥቶ ነበር፤ ፍየሉም ልጁም ክረምቱን ራኩባው ሥር ከረሙ።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ገዳሪፍ ከካርቱም በሸሸ ሰው ተጥለቀለቀች፤ ሁለቱን የጭቃ ክፍሎች ለተፈናቀሉ ቤተሰቦች ለቀቅንና ሁሉም ክፍል ራኩባው ሥር ታጨቀ። ሥራ ጠፋ። ብሎም ከሻው በረታ። ከሻ የምንለው ወረቀት የሌለውን የውጭ አገር ሰው ከመንገድ እየሰበሰበ ወደ ድንበር የሚወስደውን አፈሳ ነው። ጠዋት ያየኸው ሰው ከሰዓት አይኖርም። መምህር ይርጋ አናት ሲቆጥሩ ቁጥሩ በየቀኑ ይቀንስ ጀመር፤ ሠላሳ፣ ሃያ ስድስት፣ ሃያ አንድ። ሲጨርሱ መዳፋቸውን ኮታቸው ላይ ይጠርጉና ወደ ገበታው ይዞራሉ።

የቀሩልን ልጆች አለቃ ኢክራም ነበረች። ያኔ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ቀጭን፣ ጥርሰ ፍንጭት፣ ድምፅዋ ጥርት ያለ። መጽሐፍ ስታነብ አንድ ቃል አትስትም። እንግዳ በመጣ ቁጥር እኔ እሷን ነበር የማስቆም፤ በእሷ የተነሳ እኔም አስተማሪ የሆንሁ ይመስለኝ ነበር። እናቷ ዘይነባ ደግሞ በሠፈሩ አፏን ሞልታ ትመካባታለች። ሆኖም ኑሮ ስለከበዳት አንድ ቃል ጥላ ነበር፤ ዘንድሮ ካለፈች ትማር፣ ከወደቀች ግን ኸላስ፣ በቃ፣ ወደ ሻዩ ትገባለች። መምህር ይርጋ ሊከራከሯት ሲሞክሩ፣ «አንቱ ኡስታዝ፣ ከባለቤት ያወቀ ቡዳ ነው» ብላ ዘጋቻቸው።

መዝጊያው ሁለት ሳምንት ሲቀረው መጻሕፍቱን በሙጫ ስጠግን ዋልሁ። በማግስቱ ኢክራም ከእነዚያው መጻሕፍት አንዱን ይዛ በመምህር ይርጋ ፊት ቆመች፤ ስለ ዶሮዋና ስለ ጫጩቶቿ የሚለውን ታነባለች። ጣቷን ከመስመር መስመር እያስኬደች እንደ ውሃ አወረደችው። እሳቸው ወደ መጽሐፉ ጎንበስ ብለው በየዓረፍተ ነገሩ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እኔ ከኋላዋ ቆሜ ነበርና መጽሐፉን አየሁት። የዶሮዋ ገጽ የለም። ትናንት ሙጫ አብዝቼበት ከሚቀጥለው ገጽ ጋር ተጣብቋል። ተገልጦ ያለው ስለ ገበያ የሚያወራው ገጽ ነው። ልጅቷ ሊገለጥ የማይችል ገጽ እያነበበች ነው፤ መምህሩም በዚያው ገጽ እየተከተሏት ነው። «አበጀሽ» አሏት፣ ሄዳ ተቀመጠች።

መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ከዚያ ሳቄ ጠፋ።

ልጆቹ ሲበተኑ መጽሐፉን እጃቸው ላይ አስቀምጬ የሆነውን ነገርኋቸው። ገጹን በጣታቸው ዳሰሱት፤ የሙጫውን ጠርዝ አገኙት። ሁለት ዓመት እንደሆናቸው ነገሩኝ፤ አንደኛው ዓይናቸው ጨርሶ ጨልሟል፣ በሁለተኛው ጥላ ብቻ ነው የሚታያቸው። በቀዶ ጥገና ይድናል ተብለው ነበር፤ ግን ካርቱም ሂዱ ነው የተባሉት፣ ካርቱም ደግሞ ጦርነት ነው። መጽሐፉን በቃል ያውቁታል። ገበታውንም ክንዳቸው ያውቀዋል፤ አንድ ክንድ ፈቀቅ ካለ ግን ይጠፋባቸዋል። ቢታወቅ ከክፍል እንደሚያስወጧቸው ገብቷቸው ነው የደበቁት። አፍሬ ላጽናናቸው ስል አቋረጡኝ።

«የእኔን ተይው። እኔ ዓይኔ ጠፍቶ ነው የማጭበረብር። እሷ ግን ዓይኗ ሙሉ ሁኖ ጨለማ ውስጥ ናት። እኔ ነኝ ያላየኋት፣ ጥሩ።»

ነገሩን ሳስበው ገባኝ። ኢክራም ከአራት ዓመቷ ጀምራ ሻዩ ጋ ያደገች ልጅ ነች። ሠላሳ ደንበኛ ያዘዘውን ባንዴ ትይዛለች፤ ማን ዝንጅብል እንደሚያበዛ፣ ማን ያለ ስኳር እንደሚጠጣ። አንድ ጊዜ የተነበበላት ነገር አይጠፋትም። እንዲህ ያለ ጆሮ ላለው ሰው ፊደል ምን ያደርግለታል?

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሌሎቹ ከሄዱ በኋላ ያስቀሯት ጀመር። እርጥቡ ጥቁር አፈር ላይ በአገዳ ትልልቅ አድርገው ይጽፉላታል፤ እጃቸው የጻፈውን ያውቃል። ልጅቷ አፈሩን ሳይሆን የእኔን አፍ ታያለች። ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ መልሱን ትነጥቀኛለች። «አንች ጥሩ፣ ፊትሽ ይናገራል፣ ሂጅልኝ» ብለው ከራኩባው አስወጡኝ። ከአጥሩ ወዲያ ሁኜ እሰማቸው ነበር። አንድ አንድ ፊደል ትለያለች፤ ሁለቱን ማጋጠም ግን ይከብዳታል። ትናንት የክፍሉ ኮከብ የነበረች ልጅ መንተባተብ አሳፍሯት ታለቅሳለች። እሳቸው አይቆጡም፣ አያባብሉም፤ እስክትጨርስ ጠብቀው ያንኑ ፊደል እንደገና ይጽፋሉ።

አልደረሰችም። እሳቸውም እኔም አውቀናል። መዝጊያው ሁለት ቀን ሲቀረው ዓረፍተ ነገሮቹን በቃላቸው እያሉ እኔ ጻፍሁ። ለኢክራም ያሰቡላት፣ «ኒሟ ሥር ሁለት ፍየሎች ተኝተዋል» የሚል ነበር፤ ኒም በየግቢው ያለ የጥላ ዛፍ ነው። ብትወድቅ ዘይነባ ቃሏን እንደማታጥፍ አውቃለሁ። ልጅቷ ዕድሜዋን ሙሉ በንበር በሚሉት አጭር ወንበር ላይ ተጎንብሳ ብርጭቆ ስታጥብ ታየኝ።

በማግስቱ ሻይ ልጠጣ ሄድሁ። ዘይነባ ውሃ ልትቀዳ ስትሄድ ልጅቷን ጠርቼ ዓረፍተ ነገሩን ነገርኋት። አንድ ጊዜ በቂዋ ነበር፤ እኔ ግን ሦስት ጊዜ ነገርኋት።

የመዝጊያው ዕለት ሰማዩ ጠቁሮ ነበር። መቁጠሪያውን የሚወርሱ አዲስ ልጆች አራት ብቻ ስለመጡ የተረፈው እስር ምሰሶው ሥር ተከመረ። ቁመት ተለካ። ጣሳው መጣ። አንድ የሚንተባተብ ልጅ አምስት ቃል ለማንበብ ብዙ ቆየ፤ ወላጆቹ ተንቆራጠጡ፣ ሰው አጉረመረመ። መምህር ይርጋ ግን ፊታቸው በርቶ ነበር፤ ሲጨርስ አቅፈው ካርዱን ፈረሙለት። እጃቸውን መስመሩ ላይ ያስቀመጥሁላቸው እኔ ነኝ።

ኢክራም ወረቀቷን ፈታች። «ኒሟ ሥር ሁለት ፍየሎች ተኝተዋል» አለች፣ ባንድ ትንፋሽ፣ እንደ ዘፈን። ዘይነባ እልል አለች። ሰው አጨበጨበ። መምህር ይርጋ አላጨበጨቡም። ራሳቸውን ወደ ጎን ዘንበል አድርገው ትንሽ ቆዩና፣ «የእኔ ልጅ፣ ሌላ ወረቀት አውጭ» አሏት።

ሌላ አወጣች። ያፈጠጠችው ወረቀቱ ላይ አልነበረም፤ ቀና ብላ አፌን አየችኝ። እኔ ወደ መሬት አየሁ። የዝናቡ ጠብታ የራኩባውን አገዳ ሲመታ ይሰማል።

«ገና ነሽ» አሏት ቀስ ብለው። «ክረምቱን አብረን እንጨርሰዋለን።»

ዘይነባ ተነሥታ የልጅቷን እጅ ጨበጠች። «አንቱ ሰው፣ ልጄን በሰው ፊት አዋረዷት» አለችና ጎትታት ሄደች። እኔ ያን ጊዜ ተነሥቼ ጥፋቱ የእኔ ነው ማለት ነበረብኝ። አላልሁም። ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ማን እንደነገራት ጠየቁኝ፤ እኔ ነኝ አልሁ።

«የእኔ ዓይን ያላደረሰባትን አንች አደረስሽባት» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ነገሩን አላነሡትም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ካርዱን ሳይፈርሙ ለእኔ ሰጡኝ፤ ያዥው፣ የምንፈርምበት ቀን ይመጣል ብለው። በማግስቱ ጠዋት ወደ ሰሊጥ ገበያው እንድመራቸው ጠየቁኝ። ዘይነባ ጀርባዋን ሰጠቻቸው። በንበሩን ሳትሰጣቸው መሬት ላይ ተቀመጡ። ኢክራም ብርጭቆ ስታጥብ እሳቸው ከምድጃው ከሰል አንሥተው የስኳር ካርቶን ላይ ይጽፉላታል። ደንበኞቹ ሳቁባቸው፤ አንድ ራክሻ የሚባለው ባጃጅ ነጂ፣ ዕውሩ ሽማግሌ ሻይ ሻጭ ሊያገቡ ነው ብሎ ቀለደ። በሁለተኛው ቀንም መጡ፣ በሦስተኛውም። በሳምንቱ ዘይነባ በንበር ገፋ አደረገችላቸው። በዐሥረኛው ቀን ሻይ ቀዳችላቸው፣ ዝንጅብል አብዝታ። እኔ በየጠዋቱ አደርሳቸዋለሁ፣ በየቀትሩ እመልሳቸዋለሁ። ኃጢአቴን በእግሬ የምከፍል ይመስለኝ ነበር።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ ከሻው ገበያውን ከበበው። ሰው ሮጠ፤ ዘይነባ ግን ምድጃውን ልታነሣ ስትል ያዟት። ኢክራምም አብራ ተያዘች። ሁለቱም ወረቀት የላቸውም። እኔና መምህር ይርጋ የስደተኛ መታወቂያ አለን፤ አሳየን፣ ተለቀቅን። እሳቸው ዘንጋቸውን ይዘው እንደቆሙ፣ «ልጅቷ የት ናት?» አሉኝ። መኪናው ላይ ናት አልሁ።

መንገዱን በዘንግ እየፈለጉ ወደ ጭነት መኪናው ሄዱና ጎኑን በእጃቸው ዳበሱት። ወታደሩ፣ «ያ ሓጅ፣ አንተ ወረቀት አለህ፣ ሂድ» አላቸው በዐረብኛ፤ ክፉ ሰው አልነበረም። መምህር ይርጋ መታወቂያቸውን ከኮታቸው ኪስ አወጡና ወደ ኋላ ዘረጉልኝ። ሳላስበው ተቀበልኋቸው። ከዚያ ባዶ እጃቸውን ለወታደሩ አሳይተው፣ «ማፊ» አሉት። የለም ማለታቸው ነው። ወታደሩ ትከሻውን ነቀነቀ። ላይ ያሉት የቀን ሠራተኞች ከብብታቸው ይዘው ጎተቷቸው፤ አንዱ ጫማቸው መሬት ቀረ።

ወዴት ይሄዳሉ ብዬ ጮኽሁ። አብደዋል እንዴ አልሁ፣ በሰው ፊት። እሳቸው ድምፄ ወዳለበት ዞሩ።

«ቀሪውን ማን ያስጨርሳታል? አንች ትመጫለሽ?»

ጫማቸውን አንሥቼ ይዤ ቆሜ ነበር። ብወጣ የሚከለክለኝ አልነበረም። ቤት አለኝ ብዬ አሰብሁ፣ ሥራ አለኝ ብዬ አሰብሁ፣ ሥራው ግን የእሳቸው ራኩባ ነበር። ጫማውን እንደያዝሁ መኪናው ወደ ድንበሩ፣ ወደ ጋላባት መንገድ ታጠፈ።

ከዚያ ወዲህ ዓመት አለፈ። አልደወሉም፤ እኔም አፍሬ አልደወልሁም። ራኩባውም አሁን የተፈናቃይ ማደሪያ ነው። ዘይነባን በመልእክቷ ማግስት ደውዬ አገኘኋት። መተማ ላይ በሸራ ቤት ውስጥ አብረዋቸው ይኖሩ እንደነበር፣ ልጅቷ እየመራቻቸው ገበያ ይሄዱ እንደነበር ነገረችኝ። ታነባለች ወይ ብዬ ጠየቅኋት። «እኔ ምን አውቄ፣ ፊደል አላውቅ» አለች። «ቀኑን ሙሉ ሁለቱ ሲነዛነዙ ነበር የሚውሉ። እሳቸው አልቋል አላሉኝም።» ከዚያ ስለ ዓርብ አስታወሰችኝ። ቀኑ ረቡዕ ነበር።

ካርዱን ጠረጴዛ ላይ አድርጌ ረጅም ጊዜ አየሁት። መፈረም ቀላል ነው። ማን ያውቅብኛል? ብፈርም ልጅቷ ትመዘገባለች፤ ባልፈርም ብርጭቆ ታጥባለች። ርኅራኄዬ አንድ ጊዜ ያደረሰውን ደግሞ አይቻለሁ። የሚጠየቁት ሰው ሞተዋል። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ብቻዬን የሆንሁበት ጊዜ የለም።

መጨረሻ ላይ ቁራጭ ወረቀት አነሣሁና አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፍሁበት። ልጅቷ ከማንም ሰምታው የማታውቀው፣ ልትገምተውም የማትችለው መሆን ነበረበት። ፎቶ አንሥቼ በዘይነባ ስልክ ላክሁት፤ ኢክራም ብቻዋን ታንብበው፣ ድምፅዋን ቅጅልኝ፣ ማንም አይርዳት አልሁ። ኔትወርኩ ጠፋ። ረቡዕ አልሄደም። ሐሙስ ጠዋት ሄደ፤ መልስ የለም። ሐሙስ ከቀትር በኋላ ስልኬ ድምፅ ሰጠ።

መጀመሪያ የሸራው መርገብገብ ይሰማል። ከዚያ የልጅቷ ድምፅ፣ ወፍሯል።

«እ… እኔ…» ዝም። «መ… ኪ… መኪ… መኪና… ው… መኪናው… ላ… ይ…»

ትንፋሿን ስትስብ ይሰማል። አንድ ቃል ሳተች፣ ተመለሰች፣ እንደገና ሳተች። እናቷ ከሩቅ ፍጠኝ ስትላት፣ «ቆይ» አለቻት ተቆጥታ። ከንፈሬን እንድታይ አጠገቧ አልነበርሁም፤ ጆሮዋ የሚሰርቀውም ነገር አልነበረም።

«አ… ል… ወ… አልወ… ጣ… አልወጣሁም።»

መልእክቱ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ልጅቷ ግን ያነበበችውን በልቧ እየደገመችው ኑሯል።

«እቴ ጥሩ» አለች፣ «ለምን አልወጣሽም?»

ካርዱን በዚያው ሰዓት ፈርሜ በፎቶ ላክሁላት። ለጥያቄዋ ግን እስካሁን መልስ አልላክሁም።